የሳሎናችን ጣሪያ የሄደ ዕለት

ፊዚክስ አስተምራለሁ። መብረቅ እንዴት እንደሚፈጠር፣ ኤሌክትሪክ በውሃ ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ በጠመኔ ስዬ፣ አስረድቼ፣ ፈትኜ፣ አርሜ የኖርኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ ይህን የማወጋችሁን ስትሰሙ «ይቺማ ማወቅ ነበረባት» እንደምትሉ ይገባኛል። ልክ ናችሁ። ማወቁንስ አውቅ ነበር።

ተወልጄ ያደግኩት አዳማ ነው። ባሕር ዳር ያመጣኝ ትዳር ነው። ባለቤቴ ሙሉቀን የዘጌ ልጅ ሲሆን እዚህ ከተማ በአንድ ፋብሪካ በፈረቃ ይሠራል። ነገሩ ሲደርስብን ዘንዘልማ ቤት ሠርተን ከገባን ገና ዓመት አልሞላንም ነበር። ቤት ስላችሁ ሁለት ክፍል ናት፤ መኝታ ቤትና ሳሎን፣ የባሕር ዛፍ ቋሚ፣ የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ክዳን። ከጀርባችን ገና ጤፍ የሚዘራበት ሜዳ ስላለ ነፋስ ሲመጣ የሚያግደው ነገር የለም። ከፊታችን አሥራ አምስት እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ የእማዋይሽ ቤት አለ። እማዋይሽ ባሏ ባጃጅ የሚነዳ፣ ያን ጊዜ የሁለት ወር ጨቅላ የታቀፈች ጎረቤቴ ናት። ቆጣሪ ስላልገባላቸው መብራት ከእኛ ቀጥለንላቸው ነበር። ገመዱ ከሳሎናችን ግድግዳ ይወጣና መሐል ላይ በቆመች አንዲት ቀጭን እንጨት ተደግፎ እነሱ ቤት ይገባል።

በዚያ ሚያዝያ አማቴ መሪጌታ እንየው ለዓይናቸው ሕክምና ከዘጌ መጡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ዜማ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። አገሩ ሁሉ «የኔታ» ይላቸዋል፤ እኔም የኔታ እላቸዋለሁ። ሙሉቀን «አባባ በያቸው እንጂ» ቢለኝም አፌ አልተፈታልኝም። በግራ ዓይናቸው ላይ የነበረው ሞራ በቀዶ ሕክምና ተነሣላቸውና ዓይናቸው ታሽጎ ወደ እኛ ቤት መጡ። የቀኙ ተራ ገና ስላልደረሰ በእሱም የሚያዩት ብርሃንና ጥላ ብቻ ነበር። ሐኪሙ ሲያሰናብተን «እንዳያጎነብሱ፣ ከባድ ነገር እንዳያነሡ፣ ከሁሉም በላይ ውሃ እንዳይነካው» ብሎናል።

እውነቱን ልናገርና መምጣታቸው አላስደሰተኝም ነበር። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። ቤቷ ጠባብ ናት፣ የተማሪዎቼ ፈተና ወረቀት ተከምሯል፣ የአራት ዓመቷ ልጄ ሶልያና እግር በእግር ትከተለኛለች፣ የሙሉቀን ፈረቃ ቀንና ሌሊቱን ያገለባብጠዋል። በዚህ ላይ የኔታ ጠያቂ ናቸው። በመጡ በሁለተኛው ቀን ግድግዳውን በመዳፋቸው እየዳሰሱ ቤቱን ዞሩት።

«እሌኒ» አሉኝ። ስሜ ሄለን ነው፤ እሳቸው ግን በቤተ ክርስቲያኑ አጠራር እሌኒ ነው የሚሉኝ። «ይህ ክዳን በምን ተያዘ?»

«በምስማር ነዋ፣ የኔታ።»

«በምስማር ብቻ?»

«እንደ ማንኛውም ቤት።»

«ምስማር ዝናብን ይችላል፣ ልጄ። ነፋስን የሚችለው ማሰሪያ ነው።» መዳፋቸውን ከግድግዳው ሳያነሡ ቀጠሉ። «በደቀ መዝሙርነቴ የተማርሁበት ደብር ክዳኑ ሲሄድ አይቻለሁ። እንደ ጭልፊት ነው ብድግ ያለው። ከሥር የነበርነው ተረፍን፤ ሮጦ የወጣውን ጓደኛችንን ግን ቆርቆሮው ደጅ ላይ አገኘው።»

እንግዲህ ከዚያ ቀን ጀምሮ እረፍት የለም። ከቤት ሥራ የተረፈውን ከግድግዳው ጋር ያስደገፍነውን ቆርቆሮ «ድንጋይ ጫኑበት» አሉ፤ ጫንን። «የውሃ መሄጃ ቆፍሩ» ሲሉም ቆፈርን። ባትሪና ክብሪት በፌስታል ተጠቅልሎ መኝታ ቤት ይቀመጥ አሉ፤ አስቀመጥኩ። ሁሉንም የማደርገው ሽማግሌ ላለማስቀየም እንጂ አምኜበት አልነበረም። በመጨረሻ ሙሉቀን እረፍት በሆነበት እሑድ የማሰሪያ ሽቦ ገዝቶ መጣና መሰላል አቁሞ የመኝታ ቤቱን ወራጆች ከቋሚዎቹ ጋር አንድ በአንድ ጠፈራቸው። የኔታ ከታች በርጩማ ላይ ተቀምጠው «ሦስት ጊዜ አዙረው… አጥብቀው… የእሱን ጫፍ ወደ ውስጥ እጠፈው» ይላሉ።

የመኝታ ቤቱ ሲያልቅ ሙሉቀን መሰላሉን ወደ ሳሎን አዞረ። «ኧረ በቃችሁ፣ ምሳ ቀዘቀዘ። ሳሎኑን በሚመጣው እሑድ» ያልኩት እኔ ነኝ።

እሑድ ሳይመጣ ቅዳሜ መጣ።

ግንቦት ገብቷል። ከቀኑ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ደጅ ላይ ልብስ እያጠብኩ ነው። ሙሉቀን ሥራ ላይ ነው። ሶልያና እማዋይሽ ደጃፍ ላይ ትጫወታለች። የኔታ በሩ ሥር ተቀምጠው በለሆሳስ እያዜሙ ነበርና ድንገት አቋረጡ።

«እሌኒ፣ ልብሱን አስገቢ።»

ቀና ብዬ አየሁ። በጣና በኩል ሰማዩ ጥርት ብሏል። «ምንም የለም፣ የኔታ። ፀሐይ ነው።»

«ወፎቹ ዝም ብለዋል። ከቤቱ ጀርባ ሂጂና እይልኝ።»

ከመነጫነጭ መሄድ ይሻላል ብዬ ዞርኩ። ከሜዳው ማዶ ደመናው እንደ ግድግዳ ቆሟል። ጥቁር ብቻ ቢሆን አልደነግጥም ነበር፤ ከሥሩ ወደ አረንጓዴ ያደላ፣ የታመመ ሰው ፊት የመሰለ ቀለም ነበረው። ተመልሼ ነገርኳቸው።

«በረዶ ነው፤ ነፋስም ይዟል» አሉ እየተነሡ። «ልጂቱን አምጫት። እማዋይሽንም ጥሪያት።»

ሮጥኩ። ሶልያናን አነሣሁና «እማዋይሽ፣ ነይ እኛ ቤት፣ ኃይለኛ ዝናብ እየመጣ ነው!» አልኳት።

«ልጁ ገና አሁን መተኛቱ ነው፣ ሄሉ» አለች በሹክሹክታ። «ከባሰ እመጣለሁ።»

ልጎትታት አልቻልኩም። ከባሰ እመጣለሁ! እኔም ብሆን እንደዚያ ነበር የምለው።

ስመለስ የኔታ መቋሚያቸውን ይዘው ወደ መኝታ ቤቱ በር ደርሰዋል። «ወደ ታሰረው ክፍል ነው የምንገባው። የውሃውን ጄሪካንና ባትሪውን ያዢ። መስኮቱን ዝጊ።»

«ሳሎን ያለው ዕቃስ? ቴሌቪዥኑ…»

«ሶኬቱን ንቀይና ተይው። ቴሌቪዥን ይገዛል።»

ሶኬቱን ነቀልኩ። ዋናውን ማጥፊያ ማጥፋት ግን አልታሰበኝም። እዚያው አጠገቤ፣ ከመኝታ ቤቱ በር አንድ ክንድ ተኩል ራቅ ብሎ የሳሎኑ ግድግዳ ላይ ነበር።

መጀመሪያ የመጣው ዝምታ ነው። ቀጥሎ ነፋሱ ቤቱን በትከሻው ገፋው፤ ሌላ ቃል የለኝም። አቧራና የጤፍ ጭድ በበሩ ሥር ገባ። በረዶው ወረደ። በቆርቆሮ ላይ በረዶ ሲወርድ የማያውቅ የለም፤ ይኼኛው ግን ድንጋይ የጫነ መኪና ራሳችን ላይ የሚገለብጡብን ይመስል ነበር። በአልጋውና በውስጠኛው ግድግዳ መሐል ከመስኮቱ ርቀን ተቀመጥን፣ ፍራሹን አንሥቼ በላያችን አስደገፍኩት። የኔታ ሶልያናን በጋቢያቸው ውስጥ ሸሸጓት። አፋቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ፣ የሚሉትን ግን አልሰማም። ልጄ ደረታቸው ላይ ጆሮዋን ለጥፋለች፤ ለካ እያዜሙላት ኖሮ በአጥንታቸው በኩል ትሰማቸዋለች።

ከዚያ ሳሎኑ መጮህ ጀመረ። ምስማሮቹ አንድ በአንድ ሲነቀሉ ሰማሁ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ቀጥሎ እንደ ትልቅ ጨርቅ የሚቀደድ ነገር። በመኝታ ቤቱ በር ስንጥቅ ድንገት ብርሃን ገባ፤ ሳሎናችን ሰማይ ሆኗል። ክዳኑ ከነማገሩ ሄዷል። አምፖላችን ጠፋ። ቀና ብዬ በላያችን ያለውን ወራጅ አየሁት። ይንቀጠቀጣል፣ ሽቦው ሲጢጥ ይላል፣ ግን አልለቀቀም። ሦስት ጊዜ የዞረው ሽቦ ነው።

ስንት ደቂቃ እንደሄደ አላውቅም። በመስኮቱ ክፍተት ወደ እማዋይሽ ቤት ተመለከትኩ። የክዳኗ ግማሽ ተገንጥሎ ተንጠልጥሏል። በመሐላችን ያለው ደጅ ኩሬ ሆኗል፤ በረዶው ነጭ አድርጎታል። ቀጭኗ እንጨት ወድቃለች፣ የመብራቱ ገመድ ተበጥሶ አንዱ ጫፉ ውሃው ውስጥ ገብቷል። እማዋይሽ በሯ ላይ ቆማለች። ልጇን በነጠላ ጠቅልላ ከደረቷ አጣብቃለች። ወደ እኛ ልትሮጥ ነው።

ፍራሹን ገፍቼ ተነሣሁ፤ መንገድ ላይ ልቀበላት። የኔታ የቀሚሴን ጫፍ ያዙ። ጠንካራ እጅ አላቸው።

«ወዴት?» አሉ ጆሮዬ ላይ ጮኸው።

«እማዋይሽ ልትመጣ ነው! ገመዱ ወድቋል፣ ልጁን ልቀበላት!»

«ማጥፊያውን አጥፍተሻል?»

«መብራት ሄዷል እኮ!»

«የሄደ ይመለሳል!»

ልከራከራቸው አፌን እንደከፈትኩ በላያችን ያለው አምፖል ብልጭ ብሎ በራ።

ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ኩሬው ውስጥ የገመዱ ጫፍ ሰማያዊ እሳት ይተፋል፤ ውሃው ዙሪያውን ይንተከተካል። እማዋይሽ ከበረዶው ፊቷን ለመከለል አንገቷን ደፍታለች። አላየችውም። አንድ እግሯ ከደፏ ወርዷል።

«እማዋይሽ! ተመለሺ!» ብዬ ጮኽኩ። ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮኽኩ። በረዶው ድምፄን ከአፌ ላይ ነጠቀው፤ ለራሴም አልተሰማኝም።

«ምን ሆነ?» አሉ የኔታ።

«ውሃው ኤሌክትሪክ ይዟል! ልትረግጠው ነው!»

ሶልያናን አልጋው ሥር አስቀመጧትና ተነሡ። ግድግዳውን እየዳሰሱ ሁለት እርምጃ ሄዱ፣ መስኮቱን አገኙት፣ መቀርቀሪያውን መልሰው በአንድ እጃቸው ወለል አድርገው ከፈቱት። በረዶው ፊታቸውን መታው። በሌላው እጃቸው መቋሚያቸውን ወደ እኔ ዘረጉ። «አንቺ ማጥፊያውን!» አሉኝ። ከዚያ ደረታቸውን ሞልተው አየር ሳቡ።

ያን ድምፅ እስክሞት አልረሳውም። አልጮኹም። ጩኸት ይሰበራል። እሳቸው ድምፃቸውን አወጡት፣ በትልቅ ደብር ቅጥር ውስጥ ከበሮና ጸናጽል ሳይሸፍነው ዳር እንዲደርስ የሠለጠነውን ድምፅ።

«እማዋይሽ! ቁ…ሚ! ባለሽበት ቁሚ!»

በረዶውን ሰንጥቆ አለፈ። እማዋይሽ ቀጥ አለች፣ እግሯ አየር ላይ። ቀና ብላ አየች። እሳቱንም አየችው። እግሯን ወደ ኋላ ሰበሰበች።

እኔ የመኝታ ቤቱን በር ከፍቼ በርጩማውን ደፉ ላይ አቆምኩና ወጣሁበት። የሳሎኑ ወለል ውሃ ነው፣ ማጥፊያውም ውሃ ይወርድበታል፤ በእጄ መንካት እንደሌለብኝ ቢያንስ ያኔ ትዝ አለኝ። መቋሚያው ደረቅ እንጨት ነበር። ጫፉን ዘርግቼ አንዴ ሳትኩ፣ እንደገና ሳትኩ። በሦስተኛው ማጥፊያው ቀጭ ብሎ ወረደ። አምፖሉ ጠፋ፤ ኩሬው ውስጥ ያለው እሳትም አብሮ ጠፋ።

«ጠፋ! የክዳኗ ግማሽ ተገንጥሏል፤ ትምጣ?» አልኳቸው።

«አሁንም አትምጣ» አሉ። «መብረቁ አላለፈም፣ ቆርቆሮም ይበርራል።» እንደገና በመስኮቱ አንገታቸውን አውጥተው አዘዟት። «ክዳኑ ያልሄደበት ጥግ ግቢ! ከአልጋው ሥር! ልጁን ሸፍኚ! እስክንጠራሽ አትውጪ!»

እጇን አውለበለበች፤ ሰምታለች። ገባች።

የኔታ መስኮቱን ዘግተው ሲዞሩ አየኋቸው። የዓይናቸው ፋሻ ርሶ ጉንጫቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ግንባራቸው በበረዶው ተፈንክቶ ደምና ውሃ ተቀላቅሎ ወደታመመው ዓይናቸው ይወርዳል።

«አባባ! ዓይንዎ!» አልኩ። ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም።

«እሱ ይቆያል» አሉና ሶልያናን ለመፈለግ እጃቸውን ወደ አልጋው ሥር ሰደዱ። «ይቺ ልጅ ፈርታለች።»

በረዶው ሲያባራ እንኳ ወዲያው አላስወጡኝም። ነጎድጓዱ ርቆ ርቆ ጉርምርምታ ብቻ እስኪቀር አስቀመጡኝ። ከዚያ መቋሚያውን ይዤ ከወደቀው ገመድ ርቄ ዞሬ እማዋይሽ ዘንድ ደረስኩ። ከአልጋዋ ሥር ተጋድማ ልጇን እያጠባች አገኘኋት። አቀፈችኝ፣ አቀፍኳት፤ መሐላችን ያለው ልጅ እስኪያለቅስ ድረስ ተላቀስን። ከበሯ አጠገብ ክፍልፋይ ቆርቆሮ ግድግዳው ውስጥ እንደ ቢላዋ ተሰክቶ ነበር።

ባሏ በባጃጁ ሲበር ሲደርስ ቤታችንን ሳናይ አባባን ጭነን ወደ ሐኪም ቤት ወጣን። ዓባይ ማዶ ላይ የወደቀ ዛፍ መንገዱን ዘግቶት ሰው በእጁ እየጎተተ ሲያነሣ ጠበቅን። ሐኪሙ ፋሻውን ሲፈታ ፊቱ ጠቆረ። «ውሃ እንዳይነካው ብዬ አልነበረም?» አለኝ። አባባ ናቸው የመለሱለት። «ሰው ሊሞት ነበር፣ ልጄ።» ሐኪሙ ፋሻውን አስቀምጦ ዓይናቸውን ማጠብ ጀመረ።

ዓይናቸው አመረቀዘ። ሦስት ሳምንት ሙሉ መድኃኒት በየሁለት ሰዓቱ ይንጠባጠብ ተባለ፤ የማንጠባጥበው እኔ ነበርኩ። ጣሪያችን እስኪሠራ አራታችንም በዚያች መኝታ ቤት ነው ያሳለፍነው። ራሳቸውን ጭኔ ላይ አድርጌ ጠብታውን ሳንጠባጥብላቸው ስለ ልጅነታቸው፣ ስለሞተው ጓደኛቸው፣ ስለ ሙሉቀን እናት አወጉኝ። እኔም አዳማ ናፍቆኝ እንደማለቅስ ለሙሉቀን እንኳ ያልነገርኩትን ነገርኳቸው። አንድም ቀን «ሳሎኑን ማን ነው ያስቀረው» ብለው አልጠየቁኝም። አንድ ቀን እኔው ራሴ ጀመርኩት።

«አባባ፣ የዚያን እሑድ እኮ እኔ ነኝ…»

«ምሳው ጥሩ ነበር» አሉና ዘጉት።

ዓይናቸው ተረፈ፣ ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም። ትልልቁን ፊደል እንጂ ደቃቁን አያነቡበትም። ፋሻው ለመጨረሻ ጊዜ በተነሣ ቀን ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ ነበር። ሲያዩኝ፣ ሲያዩኝ ቆዩና «ኧረግ! በድምፅሽ ረዥም ትመስይኝ ነበር» አሉኝ። ሐኪሙም ነርሷም እኔም ሳቅን፤ እኔ መሐል ላይ ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠብኝ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ምን እንደተለወጠ ልንገራችሁ። ክፍል ገብቼ ስለ ኤሌክትሪክ ሳስተምር የመጀመሪያው የቤት ሥራ አሁን ስሌት አይደለም። «ማታ ቤታችሁ ግቡና ዋናው ማጥፊያ የት እንዳለ በእጃችሁ አሳዩ፤ ለእናታችሁም፣ ለታናሽ እህታችሁም አሳዩ» እላለሁ። በመጀመሪያው ዓመት አንዷ ተማሪዬ በማግሥቱ መጥታ «ቲቸር፣ የኛ ቤት ማጥፊያው ከቁም ሣጥን ጀርባ ነው፤ አባቴ ትናንት ማታ ቁም ሣጥኑን አነሣው» አለችኝ። ከዚያ የበለጠ የምሥራች ተማሪ ነግሮኝ አያውቅም። በሰፈራችንም በልግ ሳይገባ አንድ ቅዳሜ ተጠራርተን የሁሉንም ቤት ክዳን እናስራለን። ለእማዋይሽ የራሷ ቆጣሪ ገብቶላታል።

ግን ከሽቦውም ከማጥፊያውም በላይ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ቤታችሁ ውስጥ ደጋግሞ የሚጠይቅ፣ ደጋግሞ የሚያስጠነቅቅ ሽማግሌ ወይም አሮጊት ካለ «እሺ» ስትሉ ከልባችሁ በሉ። እኔ «እሺ» የምለው ዝም እንዲሉልኝ ነበር። እነሱ የሚናገሩት ግን አንድ ጊዜ አይተውት ሰው የቀበሩበትን ነገር ነው። እኛን ደግመው ላለመቅበር ነው የሚነዘንዙን።

ባለፈው ሳምንት ዘጌ ልንጠይቃቸው አስበን ደወልኩላቸው።

«በስንት ሰዓት ነው ጀልባው?» አሉ።

«ከምሳ በኋላ፣ አባባ። ጠዋት ሙሉቀን እንቅልፍ…»

«አይሆንም። የጣና ነፋስ የሚነሣው ከሰዓት በኋላ ነው። ሙሉቀን እዚህ መጥቶ ይተኛ። ልጂቱንም ያን ብርቱካናማ ሰደርያ ሳታለብሻት ጀልባ እንዳትረግጥ።»

«እሺ፣ አባባ» አልኩ፤ ከልቤ።

በጠዋት ሄድን። ሐይቁ እንደ ተዘረጋ ሸማ ጸጥ ብሎ ነበር። ሶልያና በብርቱካናማው ላይፍ ጃኬት ታብጣ እየሳቀች ተሻገረች። ምሳ በልተን ደጅ እንደተቀመጥን የዛፎቹ ቅጠል ተገለባበጠ፤ ከታች ሐይቁ ሲማታ ተሰማ። ሶልያና ወደ አባባ ተጠጋችና ጋቢያቸውን ይዛ «አባባ፣ ነፋሱ መጣ» አለቻቸው።

«ይምጣ» አሉ ራሷን እየዳበሱ። «እኛ ደርሰናል።»